የሳጃና ሰፈር የአርብ ጭፈራ

ጥቅምት 12
ብርቅነሽ ሁስናን ከጭፈራው ቡድን አባረረቻት እየተባለ ነው አሉ። ሐሰት። ማንንም አላባረርኩም። ትናንት ያልኩት ቃል በቃል ይኸው፦ «ግራ ትከሻሽ እስኪነሳ ድረስ ተቀመጪ።» ተቀመጠች። ቆየችና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ይህ ማባረር ነው? ልጅ ሳለን በአለንጋ ነበር እስክስታ ያስተማሩን... ማን ወጣ?

ጥቅምት 14
ከቡድኑ ሜሮን እጄን ይዛ ገበያ ወጣች። ዓይኗ አያይም፤ ወሬው ግን አያመልጣትም።
«እትዬ፣ የቡድኑን ሕግ ልጣስና ልንገርዎት። ሁስና ካፉሪ ሰፈር በምትሠራበት ቤት መስኮት ስትወለውል ወድቃ ነው። ትከሻዋ አይነሳም። ኸላስ፣ በቃ።»
ሕጉ የማንም ሕመም አይጠየቅም፣ አይነሳም ይላል። ታዲያ በምን ላውቅ?

ጥቅምት 18
አርብ። ሁስና አልመጣችም። የዕረፍት ቀኗ ይህች ብቻ ናት።
ጸጋዬን፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከበሮ የሚመታልንን፣ «እንደ አስተማሪነቴ...» ብዬ ጀመርኩ።
«እትዬ፣ አስተማሪ እኮ አልጠራንም።»
«ታዲያ ምን ብላችሁ ጠራችሁኝ?»
«እንደ ሁላችን ነዋ።»
«ያላ፣ በል ጸጋዬ፣ ምታው!» አለች ሜሮን። ሳቀች።
እንደ ሁላችን? የእሱ እግሩ። የሜሮን ዓይኗ። የሁስና ትከሻዋ። የእኔስ?

ጥቅምት 19
ወገቤ ቀጥ ያለ ነው። ጉልበቴን አሥራ አንድ ጊዜ አጥፌ ዘረጋሁ። በልጅነቴ ያጠናሁትን ዳዊት አንድም ሳልስት በቃሌ ደገምኩት። ጉድለቴ ምኑ ነው? ደግሞ መጠየቅ ክልክል...

ጥቅምት 21
ጠየቅኩ። ሜሮን ጆሮዬ ሥር ገብታ ተናገረች።
«ከበሮው ካቆመም በኋላ ይጨፍራሉ፣ እትዬ። እንዳያፍሩ እርስዎ እስኪጨርሱ እናጨበጭባለን። ያስጀመረችን ሁስና ናት።»
ስድስት ወር! ጭብጨባውን የአድናቆት አድርጌ ነበር የያዝኩት። ጎንበስ እያልኩ እጅ እነሳ ነበር።
ጆሮዬ? ሰው ድምፁን እየቀነሰ የመጣ ነበር የመሰለኝ።

ጥቅምት 24
ሐሙስ። ጸጋዬ ለሁስና ደወለላት። «ትከሻዬ ሲነሳ እመጣለሁ በላቸው» አለች ብሎ ጮክ ብሎ ነገረኝ። ስልኩን ወደ እኔ አቀበለኝ። አልተቀበልኩም። ብቀበልስ ምን እሰማለሁ?
ልቆጣ ፈለግኩ። በማን? የእኔው ቃል ነው።

ነገ፦
ማልዶ መነሳት። በሀፍላ አውቶቡስ ካፉሪ፣ ሁስና ለዕረፍቷ ሳትወጣ መድረስ።
የአሠሪዎቿ ግቢ ጠባቂ ሲያናግረኝ «ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል» ማለት። ለማንም ብዬው አላውቅም። እዚሁ አንድ ሁለቴ ልለማመደው...
እሷ ስትወጣ፣ መጀመሪያ ይቅርታ። አለንጋ፣ ትምህርት፣ ሕጉ አልነገረኝም... እነዚህን ሁሉ መተው።
የምትመልስልኝን ካልሰማሁ፣ የሰማሁ አለመምሰል። ድገሚልኝ ማለት።