ውድ ስላደረጋችሁን እናመሰግናለን

ይድረስ ለክለባችን ክቡር ፕሬዚዳንት፣
ቪአይፒው መቀመጫ፣ በስተመሃል ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እኛ ተመስገን ነው፣ ደህና ነን። ድሮ የስታዲየሙ ሲሚንቶ ላይ እየተቀመጥን ወገባችንን ያመን ነበር። የቲኬቱን ዋጋ ከጨመሩ ወዲህ ስለማንቀመጥ ሁላችንም ተሽሎናል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዎታል።

እኔ ከስታዲየሙ ግንብ ጀርባ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ነገር በዝርዝር ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሩ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ «ውድ ደጋፊዎቻችን» ብሎ ይጀምራል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲያነብ እንባ አቀረረ። ሰው እየላጨም ቢሆን ጥፋት ስለሚዳኝ ጋሽ ፊሽካ ነው የምንለው። ከስንት ዘመን በኋላ ወደዱን አለ። ዝቅ ብሎ ዋጋውን ሲያይ ግን «ውድ» ያላችሁት በየትኛው በኩል እንደሆነ ገባው፤ እንባውም መፍሰሱን ቀጠለ።

ሁለተኛ፤ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ የምታናግረኝ በሁለት ቃል ነው፤ አንዱ «እሺ»፣ ሌላው «ምንም»። ስታዲየም ስንገባ ግን አንደበቷ ይፈታል። ተከላካያችንን በመስደብ ትጀምርና እረፍት ላይ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ፈተናው፣ ማታ ስለሚያስጨንቃት ነገር ሳይቀር ትነግረኛለች። እርስዎ የጨመሩት ኳስ ላይ ይመስልዎታል፤ እኔ ግን ስከፍል የኖርኩት ለወሬው ነበር። አሁን ለሁለት ሰው አቅሜ አይችልም። አንቺ ግቢ ብላት፣ «ብቻዬን ማን ጎን ቁጭ ብዬ ልሳደብ?» አለችኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፣ ጊዜ የለኝም፣ ክቡርነትዎ።

ሦስተኛው የለም። ባለቤቴ አንብባው፣ ይሄ እንኳን ለፕሬዚዳንት ለመስመር ዳኛም አይባልም ብላ አስወጥታዋለች። ቁጥሩን ትቼልዎታለሁ፤ የመሰለዎትን ይሙሉበት።

አራተኛው ያለፈው እሑድ ጉዳይ ነው። መግባት ያቃተን የሰፈር ሰዎች፣ ልጄም ጭምር፣ ግንቡ ሥር ቆመን ጨዋታውን እንሰማ ነበር። ድሮ ከውጭ ሆኖ መከታተል ቀላል ነበር፤ ጎል ሲገባ ግንቡ ይነቃነቃል፣ ሲሳት ሰዉ ያቃስታል። አሁን በእኛ ቦታ የተቀመጡት እጅግ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጎልም ቢገባ፣ ጎልም ቢሳት፣ ዝናብም ቢያባራ እኩል ያጨበጭባሉ። ከእረፍት በኋላ ጭብጨባው ጠንከር አለ። ጋሽ ፊሽካ ጆሮውን ግንቡ ላይ ለጥፎ አዳመጠና አገባን ብሎ ፈረደ። ከበሯችን ተመታ፣ ጥሩምባችን ተነፋ፣ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ለካ የገባው በእኛ ላይ ነው። የእርስዎ እንግዶች ያጨበጨቡት ጎሉ ስላማረ ነው አሉ። ግብ ጠባቂያችን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ኳሷን ከመረብ ሲያወጣ የገዛ ሰፈሩ ሲጨፍር ሰማ። ወደ ግንቡ ዞሮ ወገቡን ይዞ ቆመ። እንደቆመ ሁለተኛው ገባ። ለእሱም ጨፈርን። እናቱ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም አትለኝም፤ እንዲጠብላት የሰጠችኝን ቀሚስም ሳልነካው መልሳ ወስዳዋለች።

በማግስቱ ክለቡ ባወጣው መግለጫ «በተቃራኒ ቡድን የተገዙ ሥርዓት አልበኞች» ተብለናል። ይህ በእውነት አኩርቶናል። ቲኬት መግዛት ላቃተን ሰዎች ገዢ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ያው የተገዛንበት ብር እስካሁን አልደረሰንም፤ በእናንተ በኩል ተልኮ ከሆነ እንዲፈለግልን በትህትና እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ወይ ዋጋውን ዝቅ ያድርጉልን፤ ወይ ደግሞ ጎል ሲገባ የማን እንደሆነ በድምጽ ማጉያ ይነገረን፤ አለዚያ የሰው ልጅ እናስጨርሳለን።

ከግንቡ ሥር፣ በእግር ጣቴ እንደቆምኩ፣
ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
እስካለፈው እሑድ ድረስ ደጋፊዎ የነበርኩት
ልብስ ሰፊው

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሁሉንም ቲኬት ሲጨምሩ የእንግዳውን ቡድን ደጋፊዎች መግቢያ ረስተውታል፤ ዋጋው እንደ ድሮው ነው። ያገኘችው ልጄ ናት። ለሚመጣው እሑድ ሁለት ቲኬት ጎን ለጎን ቆርጠናል፤ በእነሱ ቀለምም ሁለት ስካርፍ ሰፍቻለሁ፣ ሰፈሩም ተሰልፎ እያዘዘኝ ነው። እዚያ የተቀመጠ ለእነሱ መጮህ ግዴታው ስለሆነ እንዳይቀየሙን። ለደጋፊ ማኅበራቸው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞናል፣ እናንተ ጋ ብንቀመጥ ቅር ይላችኋል ወይ ብዬ ጽፌ ነበር። እነሱ እንደ እናንተ ረጅም ማስታወቂያ አያውቁበትም። የመለሱልኝ አንድ ፊደል ነው፤ «ኑ»።