ስለ ገጽ አርባ ሰባት እና ስለ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክስ ማምረቻ ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ ሳንባዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሳንባን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ዝቅ ሲሉ ይገለጥልዎታል። እኔ የአሳንሰር ጥገና መሐንዲስ ነኝ። የዋና መሥሪያ ቤትዎን አሳንሰር በየስድስት ወሩ የምፈትሸው እኔ ስለሆንኩ፣ በአካል ባንተዋወቅም እርስዎን ከፍና ዝቅ የማድረጉ ኃላፊነት ለብዙ ዓመት የእኔ ነበር።

የኩባንያዎን አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ያሳተሙትን ባለ ሁለት መቶ ገጽ የታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ወረቀቱ ግሩም ነው። በአንድ ጋራዥ ውስጥ በስድስት ሰው ተጀምሮ ዛሬ በአሥራ አንድ አገሮች ፋብሪካ ያለው፣ የሌሎችን ስልክ፣ የሌሎችን ቴሌቪዥንና የሌሎችን የሕክምና መሣሪያ እየሠራ የራሱን ስም በአንዱም ላይ የማይጽፍ ኩባንያ ስለ ትሕትናው ሊመሰገን ይገባዋል። ቅር ያሰኘኝ ትሕትናው ሠራተኞቹንም ጨምሮ መዋጡ ነው።

አንደኛ። ገጽ አርባ ሰባት ላይ፣ በሰባተኛው ዓመት ግዙፉ የብየዳ ማሽን ስለተተከለ የእጅ ሥራ ለዘለዓለም ተሰናበተ ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ ጉድለቱ ውሸት መሆኑ ብቻ ነው። ታላቅ እህቴ በሦስተኛው ዓመት ተቀጥራ በሃያ ሁለተኛው እስክትወጣ ድረስ በጋለ ብረት እርሳስ እያቀለጠች የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ስትበይድ ኖራለች። ማሽኑ የተሠራው ለትልልቅ ቦርድ ስለነበር የእናንተ ትንንሽ ቦርዶች ከሰንሰለቱ መሐል እየሾለኩ ይወድቁ ነበር። ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ቦርዱን መለካት ለማንም አልታየውም። ስሕተቱን ባሕር ማዶ ላሉ ደንበኞች ከመንገር ይልቅ የተገኘው ዘዴ ግን የሚደነቅ ነው፦ ጎብኚ ሲመጣ አርባ ትልልቅ ቦርዶች፣ ሁልጊዜም እነዚያው አርባዎቹ፣ በማሽኑ በአንድ በኩል እየገቡ በሌላው እየወጡ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ትንንሾቹን በእጅ የሚበይዱት ሴቶች ደግሞ ከነሥራቸው ወደ ካርቶን መጋዘኑ ይወሰዳሉ። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ያለው አንድ ማራገቢያም ድምፁ እንዳይሰማ ይጠፋል። ኋላ ጎብኚ ሲበዛ መመላለሱ ሰለቸና ሴቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ማራገቢያውም እንደጠፋ ቀረ። ከእርሳሱ ጋር ከሚቀልጠው የብየዳ ሙጫ የሚወጣውን ጢስ እህቴ አሥራ አምስት ዓመት ተነፈሰችው።

ሁለተኛ። ገጽ ሰማንያ ሁለት ላይ፣ እያንዳንዱን ቦርድ ማን እንደሠራው የሚያሳውቀውን ሥርዓት አማካሪዎች ከውጭ አመጡት ይላል። አማካሪዎቹ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቆርጡ በፊት እያንዳንዷ ሴት በቦርዱ ጀርባ ጥግ ላይ የራሷን የጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርግ ነበር። ነገሩን ያመጣው ፎርማኑ ነው፤ ተበላሽቶ የተመለሰ ቦርድ ሲገለበጥ የምትቀጣዋ እንድትለይ። ሴቶቹ ግን ውሎ አድሮ ፊርማ አደረጉት። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ወርቃማ፤ እህቴ ሰማያዊ ነበረች፤ ቅጽል ስሟም ሰማያዊት ሆኖ ቀረ። ቦርዷ ተበላሽቶ ስለማያውቅ ጓደኞቿ፣ የአንቺ ቦርድና የሞተ ሰው አይመለሱም እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ሦስተኛው ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ነው። ኩባንያዎ በእጅ ብየዳ ከአሥር ዓመት በላይ ለሠሩ ሰዎች የሳንባ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ስላቋቋመ ከልብ እናመሰግናለን። እህቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ ለመድረስ በየደረጃው እየቆመች ትተነፍሳለች። ጎረቤት ሲያልፍ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትነካካለች፤ ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። ባለፈው ወር ደግፌ ክሊኒኩ ወሰድኳት። የሠራተኞች የጥንት ማኅደር፣ ቢሮ ሲዛወር ስለተጣለ፣ መዝጋቢዋ የታሪክ መጽሐፍዎን ከመደርደሪያ አውርዳ ገጽ አርባ ሰባትን ገለጠች፤ ከሦስት እስከ ሰባት በጣቷ ቆጥራም አራት ዓመት ብቻ እንደሆነ ነገረችን። እህቴ ስለ መጋዘኑ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ሳሉ ቀደማት። መዝጋቢዋ ደግ ሴት ናት፤ ውሃ አምጥታ ሰጠቻት።

“እትዬ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ መጽሐፉ ግን አያምንዎትም።”

“ታዲያ ሳሉንም መጽሐፉ ይውሰደው” አለቻት እህቴ፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ያንኑ ገጽ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከዓረፍተ ነገሩ በታች ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ በሃያኛው ዓመት በዓል ላይ አንድ ቦርድ ከፍ አድርገው ለካሜራ ሲያሳዩ ይታያሉ፤ ከሥሩም “የሰው እጅ ያልነካው ቦርድ” የሚል ተጽፏል። ክቡርነታቸው ቦርዱን የያዙት ገልብጠው ነው። ሃያ ዓመት ቦርድ ሲሸጥ የኖረ ድርጅት መሪ የቦርድን ፊትና ጀርባ ለይቶ የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ እኔም አልወቅሳቸውም፤ እንዲያውም ባለውለታችን ናቸው። ጥጉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች። ለእህቴ ሳሳያት፣ “የእኔ ናት” ብላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከሦስተኛው እስከ ሃያኛው ዓመት አሥራ ሰባት መሆኑን በራስዎ መጽሐፍ፣ በራስዎ ፎቶግራፍ አስረድቻለሁ። መጽሐፉ ይቃጠል አልልም፤ ወረቀቱ ያሳዝናል። የምለምነው ለክሊኒኩ የሚላክ ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የእጅ ብየዳ በሰባተኛው ዓመት አልቆመም። ይህችን መስመር ለመጻፍ አማካሪ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ሐኪሙ ያለው ከመዝጋቢዋ አንድ ፎቅ በላይ ነው፤ እህቴ ግን እስትንፋሷን ቆጥባ የምትጠብቀው ብዙ ጊዜ የላትም።

የትሕትናዎ አድናቂ፣ የመጽሐፍዎ ምናልባትም ብቸኛ አንባቢ፣ የሰማያዊት ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ በአሳንሰርዎ መቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ ያለው ቦርድ የፋብሪካዎ ሥራ ነው፤ የተመረተው በሃያ አንደኛው ዓመት መሆኑ ታትሞበታል፤ ጀርባው ላይም ሰማያዊ ነጥብ አለች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ነገር ግን መጽሐፍዎ እውነት ከሆነ ይህን ቦርድ የሠራው ሰው የለም፤ እኔም ማንም ባልሠራው ቦርድ ዘጠኝ ፎቅ ይውጡ ብዬ የደኅንነት ወረቀት ላይ ለመፈረም እጄ እንቢ ይለኛል። እስኪወስኑ ድረስ ደረጃው ክፍት ነው። መቶ ስልሳ ሁለት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የትኛው ላይ ቆሞ መተንፈስ እንደሚሻል እህቴ በደስታ ታስረዳዎታለች።