ቢልዱ የገደላቸው መሪጌታ

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ወገዳ

«ትንሽ ስህተት ናት» ይለኛል አጋዤ ደግሞ። ሰው በቁሙ ገድሎ ትንሽ ስህተት ናት ይላል።

የዕድራችንን የሞት መልእክት በስልክ የሚያደርሰውን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳልጨርስ፣ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ከስልኬ ላይ ለቅሜ። በዚህ አገር የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። ደሴ የሚባል ጓደኛዬ እስቴ ከተማ ቁጭ ብሎ ያግዘኛል፤ ቢልዱ፣ የጻፍነውን ኮድ ሰብስቦ ገጹን የሚያወጣው ማለት ነው፣ በራሱ እንዲሄድ ያደረገው እሱ ነው። «ቢልዱ የትኛው ብራንች፣ የትኛው የኮዱ ቅጂ ላይ እንዳለ ቅጂዎቹን የሚይዘውን ጊትን ይጠይቅ፤ ዋናው ከሆነ ለሰው ይላክ፣ ሙከራው ከሆነ እኛው ጋ ይቅር» ብዬዋለሁ። ሰነፉ ማስጠየቁ ታክቶት «ዋናው ነው» ብሎ በእጁ ጻፈበት።

ዛሬ ጠዋት ሙከራው ላይ የአጎቴን የመሪጌታን ስም አስገብቶ «መሪጌታ አረፉ» ብሎ ሞከረ። ቢልዱም ዋናው ነው ብሎ ለአገሩ ሁሉ ላከው። ሰዉ ነጠላውን ዘቅዝቆ እያለቀሰ ግቢያቸው ገባ። መሪጌታ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ማን ነው የሞተብን? ቆዩኝ፣ እኔም ልልበስና አብሬያችሁ ልቅበር» አሉ። ኋላ ሲነገራቸው ግን እኔን ዞረው አዩኝ፤ «አንተ፣ እንዲህ ቸኮልህብኝ?»

የዕድሩ ዳኛም ሰው ፊት፣ «ነገ ካልተስተካከለ ወደ ጥሩንባችን እንመለሳለን» አሉኝ። እኔን። በጥሩንባ ልበለጥ።

ለደሴ አሁን ጻፍኩለት፦ «ጊትን የሚጠይቀውን መስመር ታስገባለህ ወይስ ከሥራው ላስወጣህ? ቶሎ መልስ።»