ካሜራዬን መሬት ያስቀመጥኩበት በዓል

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ በእማዬ በኩል ስልክልህ ኖሬያለሁ፤ እሷም «ደህና ነው» ከምትለው በላይ አንዲት ቃል ጨምራልኝ አታውቅም። ዛሬ ራሴ ልጠይቅህ። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለው? ራትህን ታበስላለህ ወይስ እንደ ድሮው ቆርቆሮ ከፍተህ ቆመህ ነው የምትበላው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ዳሌዋን ከታከመች ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ግን ከምትመረኮዝበት ይልቅ የጎረቤት ድመት የምታባርርበት ጊዜ ይበልጣል። እኔም ያው ነኝ። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ የልጆች ሆኪ እቀርጻለሁ። ፀጉሬ ሸብቷል፤ ቀለም አልተቀባሁም።

የምጽፍልህ ስለ ዘንድሮው የካናዳ ቀን ልነግርህ ነው። የበዓሉን ስም ስታይ ወረቀቱን አጣጥፈህ ማስቀመጥ እንደሚያምርህ አውቃለሁ። እባክህ ዛሬን ብቻ ታገሠኝ።

በግንቦት መጨረሻ ኦዴት ቤቴ መጣች። ታውቃታለህ፣ ያቺ እንደ ድብና ቀበሮ ከነጭንቅላቱ ሙሉ የእንስሳ ልብስ ለብሰው በበዓል የሚሰለፉትን የምታስተባብረው ነርስ፤ ግማሹን ልብስም በገዛ መርፌዋ የሰፋችው እሷ ናት። ከተማው አሁንም «ባለ ጭራዎቹ» ነው የሚላቸው። እነሱም ስድቡን ወደውት ካናቴራቸው ላይ አሳትመውታል። ካንተ ነገር ወዲህ ኦዴት መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዬን ተቀብላኝ አታውቅም፤ ስለዚህ በሬ ላይ ቆማ ሳያት ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ሳትቀመጥ፣ ዘንድሮ ሰልፋችንን የምትቀርጪልን አንቺ ነሽ አለችኝ። ከተማው ውስጥ ሌላ ካሜራ ጠፋ ወይ አልኳት። «እኔማ ሌላ ሰው ነበር የፈለግኩት፤ ከመካከላችን አንዱ ካንቺ በቀር በማንም አልቀረጽም ብሎ ነው» አለች። ማነው ብላት፣ እሱን መጠየቅ የለም አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ፊቴ ላይ እያወዛወዘች ሕጉን ነገረችኝ። ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ አልደርስም። ልብሱ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ሰውዬው ሲፈልግ ራሱ ይነግረኛል። የእንስሳውን ጭንቅላት ያወለቀ ሰው ካየሁ ካሜራዬ ወደ መሬት ይወርዳል። «ዘንድሮ ብታጠፊ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ መርፌ የት እንደሚያም አውቃለሁ» አለችና ሄደች።

ያን ጊዜ የሆነውን ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በኔ እጅ ተጽፎ ግን አንብበኸው አታውቅም፤ ስለዚህ ልጻፈው። የዛሬ አራት ዓመት በዚሁ በዓል፣ ጭንቅላታቸውን አውልቀው ወደሚያርፉበት ድንኳን ካሜራዬን ይዤ ገባሁ። መግባት ክልክል መሆኑ ተጽፏል፤ እኔ ግን እህቱ ነኝ ብዬ አለፍኩ። አንተ ከአንገትህ በታች ተኩላ ነበርክ፤ ከአንገትህ በላይ ፊትህ በላብ ርሶ፣ አይስክሬም እየበላህ ትስቅ ነበር። ሳቅህ ደስ አለኝ፣ ቀረጽኩህ። በማግስቱ «የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌራችን በትርፍ ጊዜው» የሚል ቀልድ ጽፌበት ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። በሳምንቱ ያላየው ሰው አልነበረም። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ አውቶቡስህ ውስጥ እንደ ተኩላ ይጮኹብህ ጀመር፤ ወላጆቻቸው ደግሞ ተሰብስበው ምን ዓይነት ሰው ነው ልጆቻችንን የሚያመላልሰው አሉ። ማንም ሳያባርርህ ቁልፉን አስረክበህ ወጣህ።

ከሁሉ የባሰው ግን እሱ አይደለም። ያን ሰሞን ልታነጋግረኝ መጥተህ፣ ለምን እንዳደረግኩት ብቻ ጠየቅኸኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ እኮ ነው፣ ምን አካበድከው አልኩህ። ፊትህ ሲለወጥ አየሁት፤ አይቼም አልተመለስኩም። ጥፋቱ የኔ ነው ወንድሜ፣ ግማሹ ሳይሆን ሁሉም። ይህን ለማለት አራት ዓመት የፈጀብኝ ከኩራት እንጂ ካለማወቅ አይደለም።

አሁን ወደ በዓሉ ልመለስ። ሙቀቱ ሠላሳ አራት ገብቶ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እንደ ወጉ ፓንኬክ እየጋገሩ ከምጣዱ ይልቅ እነሱ የተጠበሱ ይመስሉ ነበር። ልጁ፣ ሽማግሌው፣ ውሻው ሳይቀር ቀይና ነጭ ለብሷል። ባለ ጭራዎቹ ስምንት ሆነው ማረፊያ ክፍላቸው ካለበት፣ በበረዶ ላይ ድንጋይ ከሚያንሸራትቱበት የከርሊንግ ክለብ ወጡ፤ ፊት ፊት ጥንቸሏ፣ ከዚያ ሰማያዊው ድብ፣ ቀበሮው፣ ሌሎቹም። መጨረሻ ላይ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ረጅም አጋዘን ወጣ። ቀንዶቹ በሩን አላሳልፍ ብለውት ጎንበስ ቀና ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አዲስ ነው፣ ከሌላ ከተማ ነው የመጣው አለኝ ብሩስ፣ የኦዴት ባል። የዕለቱ ሥራው እጅ ይዞ መምራት ነበር፤ በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ እግሩ ሥር ያለውን የሚያይ የለምና።

አጋዘኑ መጀመሪያ ላይ ከካሜራዬ ይርቅ ነበር። በግራ ስመጣ በቀኝ፣ በቀኝ ስመጣ ከድቡ ኋላ። እኔም አልተከተልኩትም። ፋርማሲው ፊት ለፊት ስንደርስ እማዬ በታጣፊ ወንበሯ ላይ ባርኔጣዋን ደፍታ ተቀምጣለች። አጋዘኑ ሰልፉን ትቶ ወደ እሷ ሄደና ጎንበስ አለ። እማዬ አገጩን በሁለት እጇ ይዛ አየችውና፣ ከስተሃል አለችው። ያን ሁሉ ስፖንጅና ጸጉር የለበሰውን አጋዘን! ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሲስቁ እሷ አልሳቀችም። በኋላ ቤት ገብተን፣ ለምን እንዲያ አልሽው ብላት፣ አጋዘን በበጋ ይከሳል ብላ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች።

ከዚያ ወዲህ አጋዘኑ ከጎኔ አልራቀም። ባንኩ ጋ ስንደርስ ጀርባዬ ላይ የሆነ ነገር ሲጎትተኝ ተሰማኝ። የካሜራ ቦርሳዬን ዚፕ እንደ ልማዴ ክፍቱን ትቼዋለሁ፤ አጋዘኑ በዚያ ወፍራም ባለ አራት ጣት መዳፉ ሊዘጋልኝ ይታገላል። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ሰልፉ ጥሎን ሊሄድ ደረሰ፤ ዘጋው። ከዚያ መራመዱን ቀጠለ። ቦርሳዬን እየተከተለ የሚዘጋልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግን ክፍት ዚፕ ያየ ሰው ሁሉ ሊዘጋ ይችላል አልኩና ካሜራዬን አነሳሁ። 

ድልድዩ አጠገብ ሰልፉ ድንገት ቆመ። ከፊት ያለው አሮጌው የእሳት አደጋ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ አምስት ሠራተኞች እየተሳደቡ ይገፉታል። የቀበሮው ጭራ የአንዱ ብስክሌት ጎማ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ኦዴትና ብሩስ እሱን ሊያላቅቁ ወደ ፊት ሮጠዋል። ጥላ የለም፤ አስፋልቱ ጫማ ያቃጥላል። አጋዘኑ ዝም ብሎ ቆመ። ወዲያው ሁለቱን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። በነሱ ቋንቋ «አውጡኝ» ማለት እንደሆነ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ አየር የምትሰጠው ባለ ባትሪ ማራገቢያ ቆማለች፤ ትንፋሹ ከውጭ ይሰማል። ክለቡ ሩቅ ነው። በግራ በቀኝ ስልኩን የደቀነ ሕዝብ ነው፣ ከነዚያው ወላጆች ግማሾቹም እዚያው ነበሩ።

ካሜራዬን አስፋልቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላችን ቀሚስ ለባሾቹ የስኮትላንድ ሙዚቀኞች ነበሩ፣ የሚነፉትን ባለ ከረጢት ባግፓይፕ ታቅፈው። መሪያቸውን ሚስተር ማክፋይልን፣ እባክዎ ሰዎችዎን ይዘው ይክበቡን፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ይሁን አልኳቸው። አጋዘኑን አዩና ነገሩ ገባቸው። «ለንግሥት ነፍቻለሁ፣ ለሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር ነፍቻለሁ፤ ለአጋዘን ስነፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉና አሥራ ሁለቱን ሰዎች እንደ አጥር አቆሙ። ከዚያ ነፉ። የሆነ ልጅ በቀሚሶቹ መካከል ስልክ ሊያሾልክ ቢሞክር ሚስተር ማክፋይል ሳያቋርጡ እግሩን ረገጡት።

እኔ ክቡ ውስጥ ነበርኩ፤ ጀርባዬን ለአጋዘኑ ሰጥቼ። ጭንቅላቱ ሲወልቅ ሰማሁ። ሳል ሰማሁ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ልቤ ዞር በይ፣ አንዴ ብቻ እይ አለኝ። ካሜራ አልያዝኩም፣ ማን ያውቅብኛል? አራት ዓመት ያላየሁት ፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይሆናል። የውኃውን ጠርሙስ ወደ ኋላዬ ዘረጋሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ እርጥብ እጅ ጠርሙሱን ወሰደ። ጠጥቶ ሲጨርስ መለሰልኝ። እጁን ግን ቶሎ አላነሳውም። ጣቶቼን ይዞ ቆየ፤ እኔም ያዝኩት። ስኮቶቹ ዜማውን ጨርሰው እንደገና ጀመሩ።

አልዞርኩም ወንድሜ። ጭንቅላቱ ተመልሶ እስኪጠለቅ፣ ኦዴት እየሮጠች መጥታ አዲስ ባትሪ እስክትገጥምለት አልዞርኩም። ስዞር አጋዘን ነበር፤ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ኦዴት እኔን አየች፣ መሬት ላይ ያለውን ካሜራ አየች። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል የሎሚ ጭማቂ አምጥታ ሰጠችኝ።

ፊልሙን ቆራርጬ ጨርሻለሁ። ድልድዩ ጋ ስድስት ደቂቃ የሰው ምስል የለውም፤ አስፋልትና የባግፓይፕ ድምፅ ብቻ ነው። ያን ድምፅ አላጠፋሁትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጂ አያይዣለሁ። ማንም ከማየቱ በፊት አንተ እየው፤ አውጪው ያልከኝን አወጣለሁ፣ ሁሉንም ብትለኝ ሁሉንም።

አድራሻህን እማዬን ብጠይቃት ራሱን ጠይቂው አለችኝ። ስለዚህ ትናንት ኦዴት ዘንድ ሄድኩና፣ ደብዳቤ ብጽፍ ለአጋዘኑ ታደርሺልኛለሽ ወይ አልኳት። ታሽጎ ከመጣ አደርሳለሁ አለች። አጋዘን ማንበብ ይችላል ወይ ብላት፣ «ቀስ እያለ ነው የሚያነበው፤ ግን ይመልሳል» አለችኝ።

ጤናህን ይስጥህ። የምትውልበት ቦታ ሁሉ ጥላ አይጣብህ፤ ባጠገብህ የሚቆመውም ሰው ደግ ይሁን። እማዬ ትስምሃለች፤ ብዙ እንድትበላ ብላሃለች።

የምትወድህ እህትህ