የደፈረሰው ብልቃጥ አልተበላሸም

ይድረስ ለክቡር የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በምድር ቤቱ ላቦራቶሪ ዕቃ ሳጥብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሁለቱ የት እንደ ገቡ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ይቆጠብ፣ የማሞቂያው ሣጥን ይጥፋ፣ ብልቃጥ ሁሉ ፍሪጅ ይግባ ብለው በፊርማዎ ስላዘዙ እናመሰግናለን። የወጣቷ ተመራማሪያችን ብልቃጦችም ትእዛዝ አክብረው ገቡ፤ በማግስቱ እንደ ሩዝ ውሃ ደፈረሱ።

ሁለተኛ፣ የላኩት ኮሚቴ አንድም ሰው በማይክሮስኮፕ ሳያይ «ተበላሽቷል» ብሎ በመጻፉ፣ ልጅቷም በጥንቃቄ ጉድለት እንድትባረር በመወሰኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረት ተማሪ ሳለሁ አልገባኝም ነበር፤ እርስዎ አስረዱኝ።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ደስታ ነው፣ ደስታ ደግሞ ወሬ ያበዛል። ይቺው ልጅ እትዬ ብላ ጠርታ በማይክሮስኮፕ አሳይታኛለች። የበሽታ መከላከያ ሴል ጀርም ሲያጋጥመው፣ ውስጡ ተበታትነው የነበሩ ፕሮቲኖች ሾርባ ላይ እንዳለ ዘይት ጠብታ ጠብታ እየሆኑ ይሰበሰባሉ፤ ግድግዳ የለ፣ በር የለ፣ ዘበኛ የለ። ተማክረው የአደጋ ጥሪ ያሰማሉ፤ ከዚያ እንደ እርስዎ ኮሚቴ ሳይሆን ሥራቸውን ሲጨርሱ ይበተናሉ። እሷ የምታጠናቸው ፕሮቲኖች ብልቃጥ ውስጥም ብርድ ሲነካቸው እንዲሁ ይሰበሰባሉ፣ ሲሞቃቸው ይለቀቃሉ። ይህን ልታስረዳ ስትጀምር ሰበብ አታብዢ ተባለች።

እኔ ግን ድፊ የተባልኩትን ብልቃጦች አልደፋሁም። አንዱን በመዳፌ ጨብጬ ጥቂት ቆየሁ፤ ጠራ። ፍሪጅ መለስኩት፣ ደፈረሰ፤ ጨበጥኩት፣ ጠራ። ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ፣ የተበላሸ ወተት ቢታቀፉት እንደማይመለስ አውቃለሁ። ሐሙስ ይግባኟ ይሰማል፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ በፍሪጅ ትእዛዝ እንዳይቀበር ውሳኔው ይነሣ።

ብልቃጥዎን ማጠብ የሚችል፣ ይህን ውሳኔ ግን ማጠብ የማይችል እጅ ያላት፣ አክባሪዎ፣
የምድር ቤቷ ዕቃ አጣቢ

ማስታወሻ፦ አንዲት የደፈረሰች ብልቃጥ በበረዶ አድርጌ ጠረጴዛዎ ላይ ትቼልዎታለሁ። ከሐሙስ በፊት እባክዎ በመዳፍዎ ያዝ ያድርጓት። በዘበኛውም በጸሐፊዎም እጅ ጠርታለች። በእርስዎ እጅ ካልጠራች፣ ጥፋቱ የብልቃጧ አይደለም።