ለጨንቻዋ እናትህ ያልላክሁት ካርድ

ታሜ፣ የቤቴ ሰው፤

ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ሊገባ ነው። ዛሬ ጠዋት የጉና ጭጋግ እስከ መንገዱ ድረስ ወርዶ ነበር። ብትኖር መስኮቱን ከፍተህ «ይኸው፣ ጨንቻ መጣልኝ» ትል ነበር። እኔ ዘጋሁት። ያለ አንተ ብርዱን አልወደውም።

የቤቱን ልንገርህ። ከደጃችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ ባጃጆቹ ጭቃ መርጨታቸውን ትተዋል፣ ጫጫታቸው ግን ብሷል። አከራያችን ከሥራ ክፍላችን ጀርባ የነበረውን ባሕር ዛፍ አስቆረጡት። ስንት ጊዜ ለምነሃቸው እንቢ ያሉህን! አሁን ጠረጴዛው ላይ እስከ ማታ ብርሃን አለ። ልጃችን ህሊና የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ መስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። እናቴ ያንን ክፍል አሁንም «ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወረቀት ሲቆርጡ የሚውሉበት ቤት» ትለዋለች። ሁለት ማለቷን አላቆመችም። እኔም አላረምኋትም።

የተገናኘንበትን ቀን አስባለሁ። ከኩዌት ከተመለስሁ ገና ነበርሁ፤ አንተ ከምታስተምርበት ኮሌጅ በር ፊት ለፊት በአክስቴ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ማሽኑ ያበላሸውን ወረቀት መጣል ስለማልወድ እያጠፍሁ ትንንሽ ሳጥን እሠራለሁ። ማጠፉን የለመድሁት ኩዌት ነው። የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ በዓል በመጣ ቁጥር ለጓደኞቿ ካርድና የስጦታ ሳጥን በእጇ ትሠራ ነበር፤ እኔ ቁርጥራጩን ስጠርግ «ነይ ያዢልኝ» እያለች አስተማረችኝ።

አንተ ፈተና ልታባዛ መጣህና ሳጥኑን አንስተህ «ይኼን ማን ሠራው?» አልህ። የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ያኔ መምህር ስለሆንህ አንቱ ነበር የምልህ፤ «ቆሻሻ ነው፣ ይተውት» ብዬ ልቀበልህ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኸኝም፤ ኪስህ ከተህ ሄድህ። በማግስቱ ከስሊፐር ሶል የቀረጽኸውን ማህተም ይዘህ መጣህ። ቀለም ነክረህ በሳጥኔ ክዳን ላይ ተጫንኸው፤ ሲነሣ የሸማ ጥለት የመሰለ ቅርጽ ወጣ። «አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ይኼ የሱ ጥለት ነው» አልኸኝ። ከዚያ ወዲህ ማጠፉ የእኔ፣ ማተሙ ያንተ ሆነ፤ ለሠርጉም ለምረቃውም ካርድና ሳጥን እየሠራን መሸጥ ጀመርን።

ከተጋባን በኋላ ያ ክፍል ምን ያልገባበት ነገር ነበር! ማህተም የምትቀርጸው ከአሮጌ ስሊፐርና ከባጃጅ ጎማ ነው። ጥቁሩን ቀለም ከድስት ጥላሸት፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ቀዩን ከቀይ ሥር ታወጣለህ። የቀይ ሥሩ ሳይሰነብት ቡናማ ይሆናል፤ አንተ ግን «ዘንድሮ ይይዛል» እያልህ በየዓመቱ ትቀቅል ነበር። እናቴ ለምሳ ያዘጋጀነው መስሏት በሎሚና በቃሪያ አጣፍጣ ያቀረበችበትን ቀን ታስታውሳለህ? እጄን ይዘህ ዝም አሰኘኸኝና ቀለምህን እስኪያልቅ በላህ።

ከጋሳይ ገጠር የመጡት አባትም ዓይኔ ላይ ናቸው። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «እኔ ፊደል አላውቅም፤ ብቻ ስታየው ከእኔ መሆኑን እንድታውቅ አድርጉልኝ» አሉን። እኔ ምን እንደምንሠራላቸው ስጨነቅ አንተ አውራ ጣታቸውን ያዝህና ቢጫው ውስጥ ነከርኸው። ደጋግመህ ወረቀቱ ላይ አሳተምሃቸው፤ በቀጭን ብሩሽ አገዳ ስትጨምርበት የገብስ ዛላ ሆነ። እሳቸው ጣታቸውን አንዴ፣ ወረቀቱን አንዴ እያዩ ሳቁ። «እስከ ዛሬ ጣቴን ቀለም ያስነኩኝ ለግብርና ለክስ ነው፤ ለደስታ ገና ዛሬ!» አሉ። ካርዱን በጋቢያቸው ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ሄዱ።

እናትህን ግን በአካል አላውቃቸውም ነበር። ለሠርጋችን ታመው ቀሩ፤ ከዚያ የእኔ እርግዝና፣ ከዚያ የመንገዱ መዘጋት መጣ። እሳቸው አማርኛ እምብዛም፣ እኔ ጋሞኛ ጭራሽ። በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከተባባልን በኋላ ዝም ብለን ትንፋሻችንን እንሰማማለን። ስለዚህ በየእንቁጣጣሹ ፊደል የሌለው፣ ሥዕል ብቻ የሆነ ካርድ እንልክላቸው ነበር። ህሊና በተወለደች ዓመት እግሯን ቀለም ነክረን አተምነው። ቤት በቀየርን ጊዜ አዲሱን በር ሣልህላቸው። ከታች ግን ሁልጊዜ አንድ ጃንጥላ ሥር የቆሙ ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ ሁለት ነበርን፣ ኋላ ሦስት ሆንን። ለየራሳችን ማህተም ነበረን። ያንተ ረጅሙ፣ አንገቱ ዘንበል ያለው ነው። ታናሽ ወንድምህ መልካሙ በስልክ «እማ እኮ ጎረቤት ሰብስባ ካርዱን ታነብላቸዋለች። እኛ ያላየነውን ሁሉ ታይበታለች» ሲልህ እንዴት እንደ ሳቅህ!

ከዚያ ጉበትህ ታመመ። ወደ ባሕር ዳር ስንወስድህ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። የገበያ ቀን ነበር። አንዲት ሴት መንገድ ዳር ሰፌድ ዘርግታ ትሸጣለች። ራስህን ከትከሻዬ አነሣህና «ሙሌ፣ የሰፌዱን ዙሪያ አየሽው? ሳይጠፋሽ ሳዪው» አልኸኝ። ወረቀት አልያዝሁም፤ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ሣልሁት። እጄን ይዘህ እሱን እያየህ ባሕር ዳር ደረስን። ብዙም አልቆየህም። ወደ ደብረ ታቦር በዚያው መንገድ ስንመለስ እኔ ከፊት ተቀምጬ ነበር፤ አንተ ከኋላ ነበርህ።

ወደ አገርህ የሚያስኬድ መንገድ ስላልነበረ እዚሁ ቀበርንህ። ቀብርህ ላይ ተማሪዎችህ ሞልተው ነበር፤ ከወገንህ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ለእናትህም አልተነገረም። መልካሙ «የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እስኪሻላት እንያት» አለኝ። እሳቸው ሲጠይቁ «ኔትወርክ የለም» ይላቸው ነበር። ኔትወርኩም እውነትም አልነበረም።

ጳጉሜ ሲቃረብ መልካሙ ደወለ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነው። «እህቴ፣ ካርዱ ካልመጣ ትጠረጥራለች። ለዘንድሮ ብቻ እንደ ሁልጊዜው አድርገሽ በተገኘው ሰው እጅ ላኪላት። ልቧ አይችልም» አለኝ። ስለ እናቱ ፈርቶ ነው፤ አልተቆጣሁትም።

ከቀብሩ በኋላ ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትሁት ያን ዕለት ነው። ቀለሞችህ ደርቀው ነበር፤ በውሃ አርሼ አቀጠንኋቸው። ወፍራሙን ወረቀት ቆረጥሁ፣ ዳሩን በአባትህ ጥለት ዞርሁት። አደይ አበባውንም ቀባሁ። እጄ ይሠራ ነበር። ጃንጥላው ጋ ስደርስ የእኔን አተምሁ፣ የህሊናን አተምሁ፣ ያንተን አንሥቼ ቀለሙ ላይ ካሳረፍሁት በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ባትመው ለእናትህ «ልጅዎ ቆሟል» ማለቴ ነው። ብተወው ደግሞ ያችን ባዶ ቦታ ራሳቸው አንብበው፣ ጎረቤት መካከል ሊወድቁ ነው። ህሊና ጠረጴዛው ላይ አገጯን አስደግፋ ስታየኝ ቆይታ «እማዬ፣ አባዬን ረሳሽው እኮ» አለችኝ።

ማህተሙን በጨርቅ ጠረግሁትና አስቀመጥሁት። ወጥቼ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ዳገት ሄድሁና መልካሙን ደወልሁለት። «ወረቀት አያረዳቸውም፤ ወረቀት አይዋሻቸውም። እኔ ራሴ እመጣለሁ» አልሁት። «በየት በኩል?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱን እኔም አላውቅም ነበር።

እንቁጣጣሽ ያለ ካርድ አለፈ። መንገድ ተከፈተ ሲባል ህሊናን ይዤ ተነሣሁ። እናቴ «በዚህ ጊዜ ሕፃን ይዞ!» ብላ አልቅሳ ሸኘችን። ህሊና ማህተሞቹን ካልያዝን አልሄድም ብላ በቦርሳዋ ሞላቻቸው። በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ፣ በአርባ ምንጭ አድርገን ከዚያ ወደ ጨንቻ ወጣን። ታሜ፣ እውነትህን ነው፤ ብርዱ የእኛው ብርድ ነው። ገብሱ፣ ጭጋጉ፣ በጭቃ የሚሄደው ሰው ሁሉ። ዓይኔን ብጨፍን ደብረ ታቦር ነኝ።

መልካሙ ቤት አደርን። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና አብረን ሄድን። እናትህ በር ላይ ነበሩ። በጋሞኛ ከተናገሯቸው ውስጥ የገባኝ ያንተ ስም ብቻ ነው። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹን አላዩም፤ ጥቁር ልብሴን አዩ፣ ህሊናን አዩ። ወደ እኔ መጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ የወጣውን ድምፅ ልጽፍልህ አልችልም። ህሊና ፈርታ ቀሚሳቸው ውስጥ ስትገባ ግን ዝም አሉ፤ ተቀምጠው አቀፏትና ጀርባዋን እያሹ ቆዩ።

ለቀስተኛው ሲቀንስ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። የላክናቸው ካርዶች በሙሉ በቀርከሃው ግድግዳ ላይ በተርታ ተሰክተዋል። ጭስ አጥቁሯቸዋል። የቀይ ሥርህ ቀለም ሁሉም ላይ ቡናማ ሆኗል። መልካሙ የሚሉትን እየተረጎመልኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ካርዱ ሲቀር ልቤ ነገረኝ። መልካሙን ልጠይቀው እልና አፌ ላይ ሲደርስ እመልሰዋለሁ። ቤቱ ሁሉ እየደበቀኝ፣ እኔም እየደበቅኋቸው ብቻዬን ከረምሁ። እንኳን መጣሽልኝ፤ አሁን አብሮኝ የሚያለቅስ አለ።» መልካሙ ይህን ተርጉሞ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ። እሳቸው ራሱን ዳበሱት እንጂ አንድ ቃል አልወቀሱትም።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ያዘን። ህሊና ሥራ ስትፈታ ማህተሞቹን ዘረገፈችና አያቷን ታሳትም ጀመር። ቋንቋ አያስፈልጋቸውም፤ አንዷ ትነክራለች፣ አንዷ ትጫናለች። የአባትህን ጥለት ሲያትሙ እናትህ ወረቀቱን አንሥተው አዩት፣ ፊታቸውን ቋጠሩ፣ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ያዙትና ሳቁ። ከመጣሁ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። መልካሙን ጠርተው ነገሩት፤ እሱም እየሳቀ ዓይኑን ይጠርጋል።

ጥለቱ ተገልብጧል፣ ታሜ። ከማህተሙ ጀርባ ይህ ወደ ላይ ነው ብለህ ቀስት ያደረግህበት ወገን ወደ ታች ነው መሆን የነበረበት። «ሁልጊዜ ከአባቱ ፊት ለፊት ነበር የሚቀመጠው» አሉኝ እናትህ። «አባቱ ሲሸምን እሱ ማዶ ተቀምጦ፣ አገጩን በጉልበቱ አስደግፎ ያያል። ና ሲሉት አይሰማም። ከዚያ ሆኖ ያየውን ነው የሠራው።» ደብረ ታቦር በሙሉ፣ ሙሽራው ሁሉ፣ ተመራቂው ሁሉ፣ ጥለቱን ከአንተ ከሕፃኑ ቦታ ሆኖ ሲያየው ኖሯል። ቀስቱን አላስተካከልሁትም፤ አላስተካክለውምም።

ተመልሰን ከመጣን ወዲህ ክፍሉን ከፍቼዋለሁ። ዘንድሮ የምረቃ ካርድ የሚያሠራው ሰው በዝቶብኛል፤ ብሩሹን እንደ አንተ አልይዝም፣ ግን ሰው እየተመለሰ ይመጣል። እናትህ ለአዲሱ ዓመት ከመልካሙ ጋር ሊመጡ ነው። መቃብርህ ላይ ቆመው በቋንቋቸው ሊያነጋግሩህ ይፈልጋሉ፤ አንድ እንኳ በቋንቋህ የሚያናግርህ ሳይኖር እስከ ዛሬ መቆየትህ አሳዝኗቸዋል። አልጋቸውን በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ።

እዚያ ሳለን አንድ ነገር ነገሩን፤ በልጅነትህ ቤት ውስጥ የሚጠሩህ ሌላ ስም ነበረህ። ለምን እንዳልነገርኸኝ አላውቅም፤ ምናልባት በእናትህ አፍ ብቻ እንዲቀር ፈልገህ ይሆናል። ህሊና ቶሎ ያዘችው፤ እኔ ምላሴ አልለመደውም፣ እሷ ታርመኛለች። ሌላም ጥቂት ቃል ይዤያለሁ፦ ውሃ፣ ነይ፣ ተቀመጪ፣ አይዞሽ። እናትህ እስኪመጡ ድረስ በየቀኑ እንለማመዳለን።

የእኔ ሰው፣ ለአንተ ቃል የምገባልህ ይህን ነው። እዚህ አገር ታምራት ብሎ የሚያስታውስህ ብዙ አለ፣ ታሜ የምልህ እኔ አለሁ። እናትህ የሚጠሩህ ስም ደግሞ ከእሳቸው ጋር እንዲያልቅ አልተወውም። እሳቸው ቢደክሙ እኔ እጠራሃለሁ፤ እኔ ብደክም ልጅህ ትጠራሃለች። እስኪቀናኝ ድረስ እየተሳሳትሁ እጠራሃለሁ።

ሙሉ
ደብረ ታቦር