ሁሉም ወለሉ ላይ

እህት ዓለም፣

ዛሬ ካረፍኩበት ሆቴል ፊት ለፊት ካለ የዳንስ ክፍል ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። በክራንች የምትደንስ ሽበታም ሴት አለች። መሀል ላይ ክራንቹ አዳለጣትና ወደቀች። ላነሳት ዘልዬ ተነሳሁ። አስተማሪዋ ግን በእጇ አገደችኝ።

«ተው የኔ ወንድም። እዚህ ቤት የወደቀን አናነሳም፤ የቆመው ነው የሚወርደው።»

እውነትም ሁሉም ወለሉ ላይ ወረዱ። ሴትዮዋ በክርኗ ተደግፋ ስትዞር አብረዋት ዞሩ።

«ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ወገቤ የእናንተ መሰላችሁ?» ብላ አሳቀቻቸው።

ዳንሱ አልተቋረጠም። ሲነሱም እሷ እንደተነሳችው፣ በእሷው ፍጥነት ተነሱ።

አንቺ ጋ ግን እግርሽ ከተጎዳ ወዲህ በየልምምዱ ወንበር ይቀርብልሻል፣ የሰው ኮት ታቅፈሽ ታያለሽ። ለአንቺ ማሰብ ይመስለናል። ዳንስ በቃኝ ማለትሽን ለአሰልጣኙ ገና ካልነገርሽው፣ እባክሽ አትንገሪው። መጀመሪያ ይህን ካርድ አንብቢለት።

ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለልምምድ ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ፤ ወንበሩ ላይ እሷ ትቀመጥና ትይሽ።

ወንድምሽ